ጉረስ ያልኩበት ቀን

ጡረታ ስወጣ ከሁሉ የከበደኝ ንብረት ማስረከቡ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በሠራሁበት የባህል ቢሮ በስሜ ተመዝግቦ የቆየው ዕቃ ሁለት መጋረጃ፣ አንድ ከበሮ፣ አሥራ አራት ዓይነት የመድረክ ልብስ፣ ከእንጨት የተሠራ አንድ ጠመንጃና አንድ መሶብ ነው። የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ አንድ በአንድ እያነሳ ያሳየኛል፣ እኔ «አዎ» እላለሁ፣ እሱ ምልክት ያደርጋል። የጠመንጃው አፈሙዝ ተሰብሮ ስለነበር በእሱ ትንሽ ተሟገትን። መሶቡ ጋ ሲደርስ ግን «አዎ» ማለት አቃተኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምነው እትዬ ሙሉ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኩት። ጋምቤላ ውስጥ ይህ መልስ ለሁሉም ነገር ያገለግላል።

ሙቀቱ አልነበረም። በዚያ መሶብ ምክንያት የአንድ ልጅ ዕድል አበላሽቻለሁ ብዬ አሥራ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ልጁ ጋትዌች ይባላል። በእጄ ካለፉት ወጣቶች ሁሉ ለትወና የተፈጠረ የምለው እሱን ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ የቲያትር ትምህርት ቤት ሊገባ አንዲት እርምጃ ስትቀረው እግሩን ያሰናከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም በቅጡ ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ ሳይሆን ሸክሙ ከላዬ ስለወረደ ነው፤ እንዴት እንደወረደ ግን በቦታው ይመጣል።

እኔ ራሴ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ስገባ ሕልሜ በቴሌቪዥን መታየት ነበር፤ ሠፈሩ ሁሉ «ያቺ ሙሉ የኛ ሠፈር ልጅ ናት» ብሎ እንዲያወራልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደረሰኝ ግን መጥረጊያ ነው። የትወና መምህራችን ጋሽ ምትኩ ከሁላችን ቀድመው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው የመለማመጃ አዳራሹን ወለል ራሳቸው ይጠርጉ ነበር። አፍረን መጥረጊያውን ልንቀበላቸው ስንል «ዛሬ የኔ ተራ ነው፣ ነገ ያንቺ» ይላሉ። እውነትም በየተራ ጠረግን። በወሩ መጨረሻ የትኛው ሳንቃ እንደሚንቋቋ፣ ሚስማር የቱ ጋ እንደወጣ፣ ድምፅ ከየትኛው ግድግዳ እንደሚመለስ ከሃያችን የማያውቅ አልነበረም። ትምህርት መሆኑ የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ጀርባ ነው። «ፊታችሁን አየሁት፤ አሁን ጀርባችሁን አሳዩኝ» ይሉና ወደ ግድግዳ የዞረ በርጩማ ላይ ያስቀምጡናል። እጃችን ላይ ባዶ ወረቀት ይሰጡናል። ደብዳቤ ነው። ማን እንደጻፈውና ምን እንደሚል በልባችን ወስነን እናነባለን፤ ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችን መልካም ወሬ ይሁን መርዶ ከትከሻችን መለየት አለባቸው። ማልቀስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መያዝ የተከለከለ ነው። ትንፋሽ ብቻ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ትከሻዬን እንደ እስክስታ ሳወዛውዘው ክፍሉ በሳቅ ያልቅ ነበር። ጋሽ ምትኩ አልሳቁም። «ሙሉ፣ ጀርባሽ ብዙ ይለፈልፋል፤ አንዲት ነገር ብቻ ይናገር» አሉኝ። ከማንበቤ በፊት ትንፋሼን መያዝንና ወሬው ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ መልቀቅን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ሦስተኛው ልማዳቸው ግን ለብዙዎቻችን ድክመት ይመስለን ነበር። ድርሻ ካደሉን በኋላ እያንዳንዳችንን ለብቻ ጠርተው፣ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው «ከዚህ ውስጥ ማድረግ የማትችዪው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ተዋናይ ሁሉን መቻል አለበት ብለን ለመጣን ልጆች ጥያቄው ራሱ ያስቀይማል። ሁላችንም ደረታችንን ነፍተን «ምንም» እንላለን።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ድርሻ ደረሰኝ፤ ወንድሟ የሞተባት ሴት፣ ጥቁር ለብሳ የምታለቅስ። ያን ጊዜ የኔ ወንድም ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ስምንት ወሩ ነበር። እናቴ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። በሕይወት ላለ ወንድም ጥቁር መልበስ ለኔ ሟርት ነው፤ እጄ ልብሱን ሊነካው አልቻለም። ጋሽ ምትኩ ጠየቁኝ፣ እኔም እያፈርኩ ነገርኳቸው። ደብተራቸው ላይ ጻፉና «እንግዲያው አትለብሺም፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ» አሉኝ። ነጭ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ፊቴን ሳላሳይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈስኩ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ እናቶች እንባቸውን ሲጠርጉ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ወንድሜ ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ወር በሰላም ገባ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ያስረሳኝ ደግሞ ሽሮ ነው። ተመርቄ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ አንዲት ትንሽ ድርሻ አገኘሁ፤ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ጓዳ ውስጥ ተደብቄ ምሳዬን እበላለሁ። ለማስመሰል አኘክ አኘክ ሳደርግ አዘጋጁ አስቆመኝና «ካሜራ የውሸት ማኘክ አይወድም፣ የምርሽን ብዪ» አለኝ። አንዴ መብራቱ ይጠፋል፣ አንዴ ውሻ ይጮኻል፣ አንዴ ጥላ ይገባል፤ ያንኑ ሽሮ አሥራ አንድ ጊዜ በላሁት። በድራማው ላይ የታየሁት ለአንድ ደቂቃ አይሞላም። ሽሮውን ለአራት ዓመት ቤቴ አላስገባሁትም፤ «የምርሽን ብዪ» የሚለው ግን ውስጤ ቀረ። እውነተኛ ትወና ማለት ይህ ነው ብዬ ያዝኩት።

ሁለተኛ ድርሻ ስጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ። የጋምቤላ ባህል ቢሮ የቲያትር ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አይቼ ተመዘገብኩ። ሌላ ተመዝጋቢ እንዳልነበረ የሰማሁት ከመጣሁ በኋላ ነው። ለሁለት ዓመት ብዬ የመጣሁ ሴት እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ሸበትኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ስለማንኛውም ድርሰት የሚጠይቀው «ስንት ደቂቃ ነው?» ብቻ ነበር። ሌላው ተውኔት ሁሉ በሠርግ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ «እንግዶች ተከፍተው አይሂዱብን» ይለኛል። ደግ ሰው ነበር፣ አልወቅሰውም። ደመወዙም እያዘገመም ቢሆን ይደርሳል።

እኔ የኖርኩት ለቅዳሜ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወጣቶች አሠለጥን ነበር። የኑዌር፣ የአኙዋክ፣ የመዠንግር ልጆች አሉ፤ የመምህራንና የነርሶች ልጆች አሉ፤ ከሠፈራ ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡ አሉ። የሚያግባባን አማርኛ ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ዜማ ይናገረዋል። እዚህ «አንቱ» ብዙም አይሰማም፤ «ቲቸር» ካሉሽ አክብሮቱ እዚያው ውስጥ አለ። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገበያ ሂዳችሁ የአንድ ሰው አረማመድ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ የጋሽ ምትኩን በርጩማና ባዶ ወረቀት አመጣለሁ። ስለ እሳቸው ማውራት እወድ ነበር፤ ስለ መጥረጊያው፣ ስለ ጀርባው፣ ስለ ደብተሩ ሳላወራ የዋልኩበት ቅዳሜ የለም። የማወራውን ሁሉ ግን እሠራው ነበር ማለት አይደለም።

ጋትዌች ኒውላንድ ከሚባለው የከተማችን ሠፈር ነው የሚመጣው። ዕድሜው ሃያ ገደማ፣ በጣም ረጅም፣ ሲቀመጥ እግሩን የት እንደሚያደርገው የሚጨነቅ ልጅ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ምንም አልተናገረም። አንድ ቅዳሜ በርጩማው ላይ ተራው ደረሰና ወረቀቱን ያዘ። ከኋላ የማየው አንገቱን ነው። አንብቦ ሲጨርስ ግራ ትከሻው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወረደ። ሌላ ምንም አላደረገም። ሁለት ልጃገረዶች አለቀሱ።

«ምን ነበር የሚለው?» አልኩት።

«የአባቴ ትልቁ በሬ ሞተ» አለኝ። «አባቴ የሚዘፍንለት በሬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ እሱ ላይ ሆነ። ከእሱ ጋር አሪየት የምትባል የአኙዋክ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አሪየት ፈጣን ናት፣ ተከራካሪ ናት፤ እሱ ዝም ሲል እሷ ትሞላዋለች። ሁለቱን አንድ ላይ ሳቆማቸው መድረኩ ይሞቃል።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ልኮ ተውኔታችንን አይቶ አንድ ወጣት ይመርጣል፤ የተመረጠው ትምህርቱም ማደሪያውም ይቻልለታል። ማን እንደሚመረጥ ለኔ ጥያቄ አልነበረም። ለጋትዌች ብዬ ተውኔት ጻፍኩ። አለቃዬ እንደ ልማዱ «በሠርግ ይለቅ» አለኝ፤ እሺ አልኩ። ጉርሻውን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። ሙሽራዋ አሪየት ሙሽራውን ጋትዌችን ታጎርሰዋለች፣ እሱም ጎርሶ ዓይኗን ያያታል፣ መጋረጃ ይዘጋል። እኔ ያደግኩበት ቤት ፍቅር የሚታየው እንዲህ ነው፤ ሌላ ቤት እንዴት እንደሚታይ አልጠየቅኩም።

ልምምዱን ሁሉ በባዶ መሶብ ነው ያደረግነው። አሪየት ባዶ እጇን ታነሳለች፣ እሱ አፉን ከፈት አድርጎ ይዘጋል፣ ያበቃል። አንድ ሳምንት ሲቀረን ጋትዌች መጣና «ቲቸር፣ በዚያ ቀን እውነተኛ ምግብ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ እንጀራ በዶሮ ወጥ። የምርህን ትበላለህ» አልኩት፣ የዚያን አዘጋጅ ድምፅ ተውሼ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። «ቲቸር፣ ሴቶች ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ እንጂ፣ አዳራሹ ይሞላል።»

እኔ የመድረክ ፍርሃት ነው ብዬ አሰብኩ። ማንጎው ሥር አስቀምጬ እስከ ስድስት እየቆጠረ አየር እንዲያስገባ፣ እስከ ስምንት እየቆጠረ እንዲያስወጣ አስተማርኩት። እሺ ብሎ ተነፈሰ። ትክክለኛ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ለጠየቀኝ ልጅ የሰጠሁት መልስ ትንፋሽ መቁጠር ነው።

የተውኔቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። የአዲስ አበባው መምህር ፊት ረድፍ ላይ ከአለቃዬ አጠገብ ተቀምጧል። ጋትዌች ካባ ደርቦ ገባ፤ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ እንዴት እንደተጫወተ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። መምህሩ ማስታወሻ መጻፉን ትቶ እስክሪብቶውን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሲያይ ከመጋረጃው ጎን ሆኜ አየሁት። ጨርሰናል ብዬ በልቤ ተደሰትኩ።

መሶቡ ተከፈተ። የወጡ ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። አሪየት ጠቅልላ እጇን አነሳች። ጋትዌች ጉርሻውን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ላከ፤ ከዚያ አፉን ገጠመ። አሪየት ጠበቀች፤ ወጡ በእጅ አንጓዋ ላይ ወረደ። ከፊት የተቀመጡት፣ አብዛኞቹ የኛ የደገኞቹ የቢሮ ሰዎች ናቸው፣ ቀልድ መስሏቸው መሳቅ ጀመሩ። አንዱ «ጉረስ» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ወዲያው አዳራሹ ግማሹ በጭብጨባ «ጉረስ፣ ጉረስ» ይል ጀመር። ከኋላ የተቀመጡት የኑዌር ወጣቶች አንድም ድምፅ አላሰሙም። ያን ዝምታ ሰምቻለሁ፤ አልገባኝም እንጂ። ያስጨነቀኝ የመምህሩ እስክሪብቶ ነበር። እናም ከመጋረጃው ጎን ሆኜ፣ እሱ በደንብ በሚሰማኝ ድምፅ፣ «ጉረስ እንጂ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወረደ፣ በአጠገቤ አልፎ፣ ካባውን እንደለበሰ በጓሮ በር ወጣ። አሪየት ጉርሻውን መሶቡ ውስጥ መለሰችና የራሷን ቃል ፈጥራ ተውኔቱን ብቻዋን ዘጋችው። ጥሩ አድርጋ ዘጋችው። መምህሩ የመረጠው እሷን ነው፤ አልፈርድበትም።

በማግስቱ ጠዋት የግቢያችን ዘበኛ፣ ቱት የሚባሉ የኑዌር ሽማግሌ፣ ካባውን በሥርዓት እንደታጠፈ ሰጡኝ። ሌሊቱ ሳይነጋ ጋትዌች እሳቸው ዘንድ ትቶት ሄዷል።

«ቲቸር፣ እኛ ጋ ወጣት ወንድ ሴት ፊት አይበላም» አሉኝ። «እህቱ ፊት ይበላል። ዘመድ ያልሆነች ሴት ፊት አይበላም። ነውር ነው።»

«የከተማ ልጆች ምግብ ቤት ሲበሉ አያለሁ እኮ» አልኩ፣ ለራሴ መከላከያ ፍለጋ።

«ይበላሉ። ጥግ ይዘው። እሱ መድረክ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ደግሞ ለጋብቻ የሚጠይቃት ልጅ አለች። እናቷ አለች፣ አክስቶቿ አሉ። ስለ ጥሎሽ ከብቱ ገና እየተነጋገሩ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

ቱት ልምምዱን ሁሉ ከበሩ ሆነው ያዩ ነበር። «ሁለት ቀን ጠየቀሽ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ምትኩ ደብተራቸውን ይዘው በሐሳቤ የመጡብኝ። ለኔ ሟርት ነው ስል ጥቁሩን ልብስ ያስቀሩልኝ ሰው፣ «ማድረግ የማትችዪው ምንድን ነው?» ያሉኝ ሰው። እኔ በየቅዳሜው ያንን ታሪክ ስተርክ ኖሬ አንድ ቀን ጥያቄውን አልጠየቅኩም። አፈርኩ፤ ከማፈርም በላይ ራሴን ጠላሁት። ኒውላንድ ሄጄ ቤታቸውን አገኘሁ፤ አክስቱ ወደ ኢታንግ በኩል ወደ ዘመዶቹ እንደሄደ ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት። ኢታንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ከአምስት ዓመት በኋላ መሃል ከተማ በባጃጅ ሳልፍ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ባጃጁ ሊቆም ሲል «ቀጥል፣ ቀጥል» አልኩት። ይህንንም ልጻፈው፣ ካልተጻፈ ሙሉ አይሆንም።

አሪየት ተመረቀች። አሁን በተከታታይ ድራማ ላይ ትታያለች፤ ባለፈው ዓመት ሐኪም ሆና ስትጫወት ቤቴ ሰው ሞልቶ አብረን አየን። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። ስለ ጋትዌች እኔ አላነሳም፣ እሷም አታነሳም።

ንብረት ባስረከብኩ በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። መሶቡን በመጨረሻ «አዎ» ብዬ ፈርሜበታለሁ፤ ቤት ተቀምጬ ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ኢታንግ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ልመና አይደለም፤ እንደ ድሮዋ ናት።

«ምን አለ ኢታንግ?»

«ጋትዌች ድራማ ያሳያል። የሱ ልጆች ናቸው፣ ያሠለጠናቸው።»

«እንዴት ብዬ ዓይኑን አያለሁ፣ ተቀይሞኛል» አልኳት።

«እሱ ደግሞ አንቺ የተቆጣሽ ነው የሚመስለው። መድረክ ጥሎ ሄደ፣ አዋረደሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ስሙን አልጠራሽም። እኔም ተቆጥተሻል ብዬ ፈራሁሽ፣ ዝም አልኩ።»

ሦስት ሰዎች በኔ ዝምታ ምክንያት ይህን ያህል ጊዜ ተጠባበቅን። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሳቅኩ፤ ባሌ ምን ሆንሽ ብሎ ከጓሮ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ኢታንግ ወረድኩ። ድራማው የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ነው የሚታየው። መሬቱ ተጠርጎ የመጥረጊያው መስመር ይታያል። ተመልካቹ ብዙ ነው፤ ሴቶች በአንድ በኩል ምንጣፍ ላይ፣ ወንዶች በሌላ በኩል፣ ልጆች ከፊት። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ንግግሩ በኑዌርኛ ስለሆነ አጠገቤ ያለች ልጅ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በከብት ተጣልተው ተለያይተዋል። መጨረሻ ላይ ታናሽየው ረጅም መንገድ ተጉዞ ርቦት ወደ ታላቅ ወንድሙ ቤት ይመጣል፤ ታላቁም ምንም ሳይናገር ምግብ ያቀርብለታል።

ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ እውነተኛ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል። ልጁ ሳህኑን ተቀበለ። ከዚያ ዞረ። ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና አጎነበሰ። ሲበላ አላየንም። ያየነው አንገቱን፣ ከዚያ ትከሻውን ነው። መጀመሪያ ትንፋሹን ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው፣ ግራ ትከሻውም ትንሽ ወረደ። ታላቅየው ከማዶ ቆሞ ያየዋል። ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ሲያልቅ ጋትዌች ሰዉን እያቋረጠ ወደኔ መጣ። ወፍሯል፤ ጢም አውጥቷል። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት፤ ሌላ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። «አልጠየቅኩህም። ሁለቴ ጠየቅከኝ፣ እኔ አልጠየቅኩህም።»

«እኔም በደንብ አልነገርኩሽም፣ ቲቸር። አማርኛው አላነሰኝም፣ አፈርኩ።» ከዚያ ሳቀ። «ያን ቀን ብጎርስ ሚስት አላገኝም ነበር። የልጅቷ እናት ምን አለች መሰለሽ? ያ ሁሉ ሰው እየጮኸበት አፉን ያልከፈተ ጎረምሳ ልጄን ያከብራል አለች። ከብቱን ቀነሱልኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ አሁን።»

እዚያው ቆሜ ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልናገር፦ እፎይ አልኩ። የምቀመጥበት አመጡልኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አዲስ አበባስ?» አልኩት ቆይቼ። «አይቆጭህም?»

«ትንሽ ይቆጨኛል» አለ፣ ሳይደብቅ። «ግን አሪየት በየእሁዱ ትደውልልኝ ነበር። ዛሬ ምን ተማርሽ እላታለሁ፣ ትነግረኛለች። ድምፅ፣ አረማመድ፣ ካሜራ ፊት እንዴት እንደሚቆም። ሦስት ዓመት ሙሉ። እሷ ክፍል ውስጥ ተማረች፣ እኔ በስልክ ተማርኩ። ጀርባውን ግን እሷ አይደለችም ያስተማረችኝ።»

ለምሳ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ኮፕ፣ ያ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ምግባቸው፣ ከዓሣ ጋር አቀረበች። አንዲት ቀጭን አሮጊት ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል፤ የሦስተኛው ረድፍ እናት እሳቸው ናቸው። ጋትዌች ወደ እሳቸው ቀጥ ብሎ አያይም፤ ለአማት እንዲህ ነው ወጉ። ሳህኑን ይዞ ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ጡረታ ወጥተሻል አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መጥተሽ ልጆቼን አስተምሪልኝ። የመኪናውን እኛ እንችላለን።»

«እመጣለሁ» አልኩ፣ ሳላስብ።

ሳህኑን በግራ እጁ ያዘና ከደረት ኪሱ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ደብተር አወጣ። እስክሪብቶውን በጥርሱ ከፈተ። ዓይኑ ላይ ቀልድ ነበረ፤ ጥያቄው ግን የምሩ ነው።

«መጀመሪያ ልጠይቅሽ። ማድረግ የማትችዪው ምንድን ነው?»

«ጉረስ ማለት» አልኩት። «እሱን ከእንግዲህ አልችልም።»

ጻፈው። ከዚያ ደብተሩን ኪሱ ከተተና ሳህኑን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ካሉት ወንዶች ጋር ሊበላ ሄደ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ቀርቤ በላሁ።